አባቴን ሲጋራ ሊያስተው የነበረው ስልክ

ኮምቦልቻ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ የአንድ ባልደረባዬ ስልክ እንደ ውሃ ጠብታ ጠብ ሲል፣ ደሴ ያለው የልጅነት ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ ሲጋራ ለመተው የሚታገልበት ስልክም ድምፁ እንዲሁ ነበር።

አባቴ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ ያጨስና ሽታውን በጃኬቱ ይዞ ይገባል፤ አስም ያለባት ታናሽ እህቴ ዘሃራ ደግሞ ገና በሩን ሲከፍት ደረቷ ሲር ሲር ማለት ይጀምር ነበር። በዚያ በጋ ሐኪሙ ጭሱ ካልቀረ መድኃኒት ብቻውን እንደማያድናት ስለነገረው፣ ጅዳ ያለችው አክስቴ በላከችለት ስልክ ላይ ሲጋራ የሚያስተው አፕ ጫንን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለነበር፣ አስተርጓሚው ስምንተኛ ክፍል የነበርኩት እኔ ሆንኩ።

አሠራሩን ላስረዳ። አፑ አታጭስ ብሎ አይቆጣም። ሱሱ ሲመጣ ምን እየሠራህ ነበር፣ ምንስ ተሰማህ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ትንሽ ቆይ፣ ውሃ ጠጣ፣ እጅህን ሌላ ነገር አስይዝ ይላል። አመሉን የሚቀሰቅሰውን ነገር ካወቁት፣ በቦታው ሌላ አመል መተካት ይቻላል ነው ሐሳቡ። ማታ ማታ አባቴን እየጠየቅሁ እሞላለት ነበር፤ መልሱ ግን ሁሌም አንድ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነበር?»

«ተራ እየጠበቅሁ።»

«ምን ተሰማህ?»

«ተራ የሚጠብቅ ሰው ምን ይሰማዋል? ጻፍ፣ ተራው አልደረሰም በል።»

ሰኔ ላይ ዝናቡና ረመዳን አብረው ገቡ። አባቴ ቀኑን ሙሉ አንድም ሳያጨስ ይውልና፣ በተምር አፍጥሮ መግሪብ ከሰገደ በኋላ ውጭ ወጥቶ ይለኩስ ነበር። ስልኩ ጾም አያውቅምና በቀትር ጠብ ብሎ የብርጭቆ ውሃ ሥዕል ያወጣል፤ ሾፌሮቹም «ወላሂ ይሄ ስልክህ ሊያስፈጥርህ ነው» እያሉ ይስቁበት እንደነበር ራሱ ይነግረን ነበር።

አንድ ምሽት ሊወጣ ሲነሳ ጠየቅሁት።

«አባ፣ ቀኑን ሙሉ ከቻልክ ማታውን ምን ያቅትሃል?»

«ቀኑን ለአላህ ብዬ ነው። ማታውን ለማን ብዬ? ለስልክ?»

ዘሃራ ከፍራሿ ላይ ሆና፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ለእኔ» አለችው።

አባቴ ከበሩ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። ያን ምሽት አላጨሰም፤ ዒድንም ሐምሌንም ያለ ሲጋራ አለፈ፣ የዘሃራም ደረት ጸጥ አለ። ነሐሴ ላይ ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት በጉም ተዘግቶ መኪኖች ሲቆሙ፣ አባቴ መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ ውሎ ያንን ሽታ ይዞ ገባ። ዘሃራ ፍራሿን ወደ ውስጠኛው ክፍል ጎተተች።

ዓመታት አልፈው አሁን ረመዳን ወደ የካቲት ተሻግሯል። አባቴ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ይተዋል፣ በየዓመቱም ዒድ ካለፈ በኋላ ይመለስበታል። ባልደረቦቼ ስለ አፑ ሲጠይቁኝ አሠራሩን በደንብ አስረዳለሁ፤ ይሠራል ወይ ሲሉኝ ግን ድካም ድካም ይለኛል። ልጆች ሳለን የዒድ ጨረቃ ቶሎ እንድትታይ ሰማይ ሰማዩን እያየን እንጓጓ ነበር፤ ዘንድሮ እኔና ዘሃራ በረንዳው ላይ ቆመን፣ ደመናው እንዲከልላትና ጾሙ አንድ ቀን እንዲጨምር ስንመኝ አመሸን።