ለሌሊሴ የተጫነው ፈረስ

ሰሞኑን ከዶርም ጓደኞቼ አንዷ ኳስ ስትጫወት ወድቃ ጉልበቷን ስለተጎዳች፣ ከክፍል መልስ እግሯን በቅባት ታሻለች። ያ ዓይን የሚያስለቅስ፣ አፍንጫን ሰርስሮ የሚገባ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ሌሎቹ መስኮት ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ጊንጪ ከነጠዋት ብርዷ፣ ሌሊሴም ከነቀይ ቱታዋ መጥተው አጠገቤ የተቀመጡ ይመስለኛል።

ሌሊሴ የጎረቤታችን የኦቦ ደቻሳ ልጅ ናት። እናቴ አስተማሪ ሆና ጊንጪ ስትመደብ የተከራየነውን ቤት ከእነሱ ግቢ የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ስለነበር፣ ሌሊሴ ጎህ ሲቀድ ወደ ደንዲ በሚወስደው አቀበት ሮጣ ስትመለስ፣ ከራሷ ላይ እንፋሎት እየተነሳ በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ ባቷን በዚያ ቅባት ስታሽ፣ እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ አያት ነበር። ከጎኗ ኦቦ ደቻሳ ዳማ የሚሉትን ፈረሳቸውን እየቦረሹ፣ «አንዱ ጥሬውን፣ አንዷ በሶውን፣ ገብሴን ጨረሳችሁት እኮ!» ይሏቸዋል፤ ሌሊሴም ትስቃለች፣ ፈረሱም ጆሮውን ያቆማል።

በእኛ አካባቢ ከአገር ውጭ ሮጦ ሜዳሊያ ያመጣ ሰው ወደ ከተማ የሚገባው በፈረሰኛ ታጅቦ ነው። ፈረሰኞቹ ከተማው መግቢያ ላይ ይጠብቁትና መኪናውን ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ እየዘፈኑ፣ አቧራውን እያጨሱ እስከ ኳስ ሜዳው ያደርሱታል። ሯጩ ከጀልዱ ይሁን ከእጃጂ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ኦቦ ደቻሳ ለክብር ቀን ብቻ የሚወጣውን ባለ ቀይ ዘርፍ ግላስ ከኮርቻው ላይ አልብሰው ከሁሉም ፊት ይወጣሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል በጣም ያማረውና አንገቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ያንጠለጠለው ዳማ ስለነበር፣ እኔ ሜዳሊያ የሚሰጠው ለፈረስ ይመስለኝ ነበር። ይህን ስናገር እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ኦቦ ደቻሳ ግን አልሳቁም። «የዳማ ተራ ገና ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሱ ተራ ሌሊሴ ስታሸንፍ ነው።»

ሌሊሴ ግን የአገሯን ማልያ ለመልበስ አልታደለችም። ፈጣን ነበረች፤ ከእሷ የሚፈጥኑ ደግሞ ሞልተዋል። በየማጣሪያው ለጥቂት እየተቀደመች ስትቀር ቆይታ፣ በመጨረሻ አንድ ማናጀር የሌላ አገር ፓስፖርት አስገኘላትና ሄደች። ስሟም ተቀየረ። እናቷ አዲሱን ስም ለመልመድ ወጥ እያማሰሉ ይደጋግሙት ነበር፤ አልያዘላቸውም።

ሌሊሴ ለአዲሱ አገሯ የሮጠችበትን ትልቁን ውድድር ያየነው አስፋልቱ ዳር ባለው ሻይ ቤት ነው። ሰው ሁሉ ለአገራችን ሯጭ «በርቺ! በርቺ!» እያለ ሲጮህ፣ ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። መጨረሻው ላይ ሌሊሴ ከኋላ መጥታ ያቺኑ የአገራችንን ልጅ አለፈቻትና ሦስተኛ ወጣች፤ የእኛዋ አራተኛ ሆና ቀረች። ኦቦ ደቻሳ ብድግ ብለው «ሌሊሴ!» ብለው ጮኹ። ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፃቸው ብቻውን ቀረ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ልጅዎ እኮ ነሐሳችንን ቀማችን!» አለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊሴ ልትመጣ ነው ሲባል ኦቦ ደቻሳ ፈረሰኞቹን ቤታቸው ጠሩ። በአጥሩ በኩል የሚሉትን እንሰማ ነበር።

«የማንን ባንዲራ ይዘን እንውጣ፣ ኦቦ?» አለ አንዱ።

«ባንዲራ ምን ያደርጋል? የምትቀበሉት ልጄን ነው።»

«ልጅዎን ማን ጠላ? ግን ሰው ምን ይላል?»

እናስብበት ብለው ተነሱ።

በመጣችበት ቀን ኦቦ ደቻሳ ዳማን ጭነው፣ ግላሱን አልብሰው ከጠዋት ጀምሮ ፈረሰኞቹን በራቸው ላይ ጠበቁ። በዚያ በኩል ያለፈ ፈረስ ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ወደ ከተማው መግቢያ ሄዱ። ሌሊሴ ደግሞ የከተማው ሰው ቅር እንደተሰኘባት ሰምታ ኖሮ፣ መስታወቱ በተዘጋ መኪና፣ ከአስፋልቱ ወጥታ በኮረኮንቹ መንገድ ቤቷ ገባች። እናቷን አቅፋ ሳትጠግብ «አባኮስ?» ብላ ስለ አባቷ ጠየቀች።

«ሊቀበልሽ ወጥቷል፣ በፈረስ።»

በዚያው በከተማ ጫማዋ ሮጠች። እሷን ስትሮጥ በዓይኔ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ሲመለሱ ኦቦ ደቻሳ ከፈረሱ ወርደው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ሌሊሴ በሌላው ጎን። እናቴ ወጥታ «እንኳን ደስ አለዎት» ስትላቸው ግላሱን አየት አደረጉና፣ «ፈረሱን ላናፍሰው ወጥቼ መንገድ ላይ አገኘኋት» አሉ። ለማናፈስ ግላስ የሚለብስ ፈረስ እንደሌለ እኔ እንኳ አውቅ ነበር። ሌሊሴ ግን፣ «አዎ፣ እንዲሁ ተገጣጠምን» አለች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ፈረሱ አንገት አዞረች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ዳማም ተሸጠ። ባለፈው ዕረፍት ጊንጪ ሳለሁ አንዲት ወጣት ሯጭ ሜዳሊያ ይዛ ስትገባ የኮቴ ድምፅ ሰምቼ እንደ ልጅነቴ ወደ በር ሮጥኩ። ኦቦ ደቻሳም ምርኩዛቸውን ይዘው ወጥተዋል። ድሮ የማን ልጅ ናት እንኳ ሳይሉ ከሁሉ ቀድመው ይወጡ የነበሩት ሰው ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ይቺ የሮጠችው ለማን ነው?»

«ለእኛ ነው፣ ኦቦ።»

«እሰይ» አሉ። ፈረሶቹ ከመድረሳቸው በፊት ግን ወደ ግቢያቸው ተመልሰው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።