ዓለምሰገድ ማይክሮሜትር ሲመርጥ

ዓለምሰገድ ዒላማ ተኳሽ የሆነው በሩጫ ሰበብ ነው። በኦሎምፒኩ ዓመት የለንደን ሐበሻ በሙሉ የአስር ሺህ ሜትር ቲኬት ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ ሲውል፣ እሱ ኬርቴከር ሆኖ ግቢ የሚጠብቅበትና የሚጠግንበት የክሮይደን ትምህርት ቤት ለሠራተኞቹ ዕጣ አወጣና የጠመንጃ ተኩስ ቲኬት ደረሰው! ቀይሩልኝ ብሎ ያልለመነው ሰው የለም፤ የሚቀይረው ጠፋ። እየተነጫነጨ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«ሮማን፣ ሰዎቹ እኮ ሲተኩሱ አይተነፍሱም!» አላት ሚስቱን ሮማንወርቅን።

«አንተም ከእነሱ ብትማር ጥሩ ነበር» አለችው።

ክለብ ገባ፣ ፈቃድ አፕላይ አደረገ፣ ፖሊስ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጠየቀው፣ በስንት ጥበቃ አገኘ። ጠመንጃው በክለቡ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ፤ ባዶ ቀለሆቹ ግን የሮማንወርቅን የልብስ ባልዲ ወረሱ። ተኳሾች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉማ፤ አጥበው እንደገና ይሞሉታል።

አሁን ዋናው ነገር። ዓለምሰገድ በዕድሜው ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም። ልጅ ሆኖ ለሰፈር ኳስ አልተመረጠም፤ ለሰበካ ጉባኤ ሁለቴ ተጠቁሞ ሁለቴ ወድቋል፤ ሁለተኛውን ጊዜ እንዲያውም እኔም አልመረጥኩትም። በዚያ መኸር ግን ክለቡ ከጎረቤት ክለብ ጋር ለሚገጥመው ውድድር ከቡድኑ አንዲት ቦታ ቀረችና ሁለት ሰዎች ታጩላት፦ ክላይቭ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛና የእኛ ዓለምሰገድ። የክለቡ አለቃ ሚስተር ፔምበርተን የዓለምሰገድን የዒላማ ወረቀት አየና «ተበታትኖብሃል። የቀለሆችህን አንገት ለካ» አለው።

የቀለህ አንገት ማለት የጥይቱን እርሳስ አንቆ የሚይዘው ጫፉ ነው። ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ከሳሳ እርሳሱ ተንጋዶ ይወጣል። ልዩነቱ ከፀጉር ስለሚቀጥን በዓይን አይታይም። ማይክሮሜትር የሚባል መለኪያ ይፈልጋል፤ ያውም አንዱ መንጋጋው እንደ ሽምብራ ድቡልቡል ሆኖ አንገቱ ውስጥ የሚገባ፤ ጠፍጣፋው አይሆንም፣ ክቡ ላይ ተንጋዶ ይቀመጣል።

አዲሱ ደህና ዕቃ በኬርቴከር ደመወዝ አይቀመስም። ስለዚህ ሃክኒ፣ የአኑዋር ሱቅ ሄድን። አኑዋር እዚያው ሃክኒ ተወልዶ ያደገ፣ አሮጌና አዲስ መሣሪያ የሚሸጥ ሸጋ ልጅ ነው። ዓለምሰገድ እኔን ይዞኝ የሄደው ዋጋ መከራከር ስለሚያፍር ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?» አለ አኑዋር።

«ለአንገት።»

«ለማን አንገት?»

«ለቀለህ!»

«እሺ፣ ኦኬ፣ ደነገጥኩ እኮ!»

ሁለት አወጣ። አንዱ ከእንጨት ሳጥን፣ ከሰማያዊ ከፈይ ውስጥ የሚነሳ፣ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ጌታ። ሌላው አዲስ ቢሆንም አረንጓዴ ቀለሙ የአጥር በር የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ግን ትንሽ እጀታ ያለው፤ መንጋጋው ቀለሁን በቃኝ ሲል እጀታው ቅርርር እያለ ባዶውን ይዞራል። ያ ከፈዩ ላይ የተኛው ይህ የለውም። ዓለምሰገድ ዓይኑ ከከፈዩ አልነቀል አለ።

«ስንት ነው?»

«እርስዎ ደስ ያለዎትን።»

«ኧረ አንተ ተናገር።»

«ከእርስዎ ጋር? አይደረግም ጋሼ!»

እንዲህ ሲገባበዙ ሱቁ ሊዘጋ ሆነ። «ልጄ፣ ዋጋውን ጥራና በወግ እንጣላ» አልኩ። ባለከፈዩ ሥልሳ ፓውንድ፣ አረንጓዴው ሃያ ሁለት።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱና ትራይ ያድርጓቸው» አለ አኑዋር። «አንድ ቀለህ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ብዙ ሰው እዚያችው ምልክት ላይ ይለካ። በማንም እጅ ያው ቁጥር የሚሰጥዎት፣ ቤሲካሊ፣ እሱ ነው።»

በማግሥቱ ማኅበራችን በዓለምሰገድ ቤት ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጠላው ሲቀዳ ዓለምሰገድ ምልክት ያደረገበትን ቀለህና ሁለቱን ማይክሮሜትሮች በትሪ ይዞ ገባ። «ሠላሳ ስምንት አካባቢ መሆን አለበት፣ እስቲ እናንተ ደግሞ እዩት» አለ። የሚሊ ሜትር መቶኛ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ለማኅበራችን ታላቅ ለአቶ ኪዳነማርያም ቀረበ። ወደ መብራቱ አነሱት፣ ወደ ደረታቸው መለሱት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ ስምንት» አሉ።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ለካች። «ሠላሳ ስምንት።» እኔ ለካሁ። «ሠላሳ ስምንት።» በባለከፈዩም ሠላሳ ስምንት፣ በአረንጓዴውም ሠላሳ ስምንት፤ ቤቱ በሙሉ ሠላሳ ስምንት!

ዓለምሰገድ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። «ሁለቱም ፍጹም ናቸው! እንግዲያው መልከ መልካሙን እገዛለሁ።»

ይኼኔ ሮማንወርቅ ወጥ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች። ከእኛ ወሬ አንድም አልሰማችም። በነጠላዋ ጫፍ እጇን ጠረገችና አረንጓዴውን አንስታ፣ ቀለሁ ላይ ገጥማ እጀታውን ቅርርር አደረገችው። «አርባ አንድ» አለች።

አቶ ኪዳነማርያም ቶሎ ጠላቸውን ተጎነጩ።

«ተሳስተሻል» አላት ባሏ። «ሁሉም ሠላሳ ስምንት ነው ያሉት።»

«እንግዲህ እኔ አርባ አንድ አየሁ።»

ጌጤነሽ ጠላዋን አስቀመጠች። «እውነቱን ለመናገር እኔም አርባ አንድ ነበር ያየሁት። አቶ ኪዳነማርያም ሠላሳ ስምንት ካሉ በኋላ ግን እንዴት አድርጌ...»

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሁላችንም ዞረን አዛውንቱን አየን።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ አቶ ኪዳነማርያም። «መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። ዓለምሰገድ ሠላሳ ስምንት ሲል ሰማሁ። በሰው ቤት፣ የሰውን ጠላ እየጠጣሁ፣ ባለቤቱን ውሸታም ላድርገው?»

ሮማንወርቅ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የእናንተ ይሉኝታ እንኳን ቀለህ ድንጋይም ያሳሳል! ተነሱ፣ አንድ በአንድ!» ተራ በተራ መታጠቢያ ቤት ገብተን፣ በር ዘግተን ለካን፤ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጥሩን በጆሮዋ እንደ ንስሐ ሹክ አልናት። አቶ ኪዳነማርያም በመነጽር ጉድለት ይቅርታ ተደረገላቸው።

ፍርዱን ቆማ አሰማች። «አረንጓዴው በሁሉም እጅ አርባ አንድ። ይኼ ባለከፈዩ በጌጤነሽ አርባ፣ በአንዱ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በሌላው አርባ ሁለት። በአንድ ሰው ደግሞ ሠላሳ ስድስት። ሰውየው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጥብቆ የሚዘጋ መሰለው መሰለኝ።»

ሠላሳ ስድስቱ ራሱ ዓለምሰገድ ነበር። ከሳቃችን ብዛት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ደበደበ።

ባለከፈዩ ሃክኒ ተመለሰ፤ ዓለምሰገድም በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቅርርር፣ ቅርርር! አንገተ ጠማማዎቹን እየለየ ጣለ፣ ቀጥ ያሉትን አስቀረ።

የምርጫው ቀን እኔና ሮማንወርቅ ኋላ ቆመን አየን። ክላይቭ ተኮሰ፤ ዓለምሰገድም ትንፋሹን ውጦ ተኮሰ። ሚስተር ፔምበርተን ወረቀቶቹን ለካ። የዓለምሰገድ ቀዳዳዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ነበር፤ በጥቂት በለጠ።

«ዓለም፣ ቦታዋ ያንተ ናት። ትገባለህ?»

ዓለምሰገድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ኧረ አይሆንም፣ ክላይቭ ይግባ።»

«በጣም ጨዋ ሰው ነህ» አለ ሚስተር ፔምበርተንና እስክሪብቶውን ከፍቶ የክላይቭን ስም ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

የዓለምሰገድ ፊት ዐመድ መሰለ። ለካስ እንግሊዝ አንድ ጊዜ እንቢ ካሉት አይደግምም! ሮማንወርቅ በእንግሊዝኛ ጮኸች፦ «ይፈልጋል! ይገባል!»

«እመቤቴ፣ አይሆንም ነው እኮ ያለው።»

«የመጀመሪያው አይሆንም ነው!»

ሚስተር ፔምበርተን አሰበ። «ስንት አሉ?»

«ሦስት። ጥሩ ካሳደጉት።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ከደነ። «እንግዲያው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንጨርሳቸው። ዓለም፣ ትገባለህ?»

«ኧረ በፍጹም» አለ ዓለምሰገድ፣ ላቡ እየወረደ።

«ስለ እግዚአብሔር፣ ግባ» አለ ክላይቭም፣ ገብቶት።

«ኧረ እኔ ምን ቁም ነገር አለኝና...»

ሚስተር ፔምበርተን በጣቱ ሦስት ቆጥሮ አራተኛውን ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት፣ ዓለምሰገድ «እሺ!» ብሎ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀና ስሙን ራሱ ጻፈ።