ከማል የሠራው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ስልኬ አዲስ ሶፍትዌር መጥቷልና ልጫነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ «እሺ በይው እንጂ፣ እማ» አለችኝ። እሺ አልኩት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ ግን ልቤ ሌላ ቀን ላይ ነበር፤ በዚሁ መንገድ ከእናቴ ጋር፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሲንተሳይዘር ጭናችን ላይ አጋድመን የወረድንበት ቀን።

ሲንተሳይዘሩ የታላቅ ወንድሜ የከማል ነበር። ሰው ሁሉ ኦርጋን ይለዋል። እንደ ሌሎቹ ኪቦርዶች የተቀዳ ድምፅ አልነበረውም፤ በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ራሱ ነው ድምፁ። ማዞሪያዎቹን እየነካኩ የፈለጉትን ሠርተው ያስቀምጡበታል። ከማል ወራት ፈጅቶ አንድ ድምፅ ሠራበት። ዋሽንት ይመስላል፣ ዋሽንትም አይደለም፤ መጨረሻው ላይ፣ ሊያለቅስ ብሎ እንደተወ ሰው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከማል በቢስቲማ በኩል ቆላ ወርዶ ባሕር ተሻገረ። ወሬው ጠፋ። ይጫወትበት በነበረው የሠርግ ባንድ ውስጥ እኔ በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ።

ችግሩ ቅኝቱ ነበር። የደሴን ብርድ የለመደ ዕቃ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይዛባል። አንድ ሠርግ ላይ ዘፋኙ መሃል ላይ አቁሞ ዞሮ አየኝ። ሙሽራዋ ሳትቀር አየችኝ። በማግስቱ የባንዱ ልጆች «ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ።

ኮምቦልቻ ሰይድ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። እናቴ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለችኝ፤ መናኸሪያው በር ላይ የገዛችውን የሽንብራ እሸት እየፈለፈለች ሱቁ ውስጥ ተቀመጠች።

«አዲሱን ሶፍትዌር ስጭንበት ራሱን በራሱ ይቃኛል» አለ ሰይድ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን የተቀመጡበትን ድምፆች በሙሉ ያጠፋቸዋል።»

«ወደ ኮምፒውተርህ ማውጣት አይቻልም?»

«ሞከርኩ፤ የድሮው ሶፍትዌር አያወጣም። አውፍ በይኝ።»

እናቴ መፈልፈሏን አቆመች። «እስኪ የከማልን አሰሚኝ» አለች።

ተጫወትኩላት። የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። «ድገሚው» አለች፤ ደገምኩት። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞራ፦

«ልጄ ያለው እዚህ ዕቃ ውስጥ አይደለም። አላህ ካለ ይመጣል። እስከዚያ እሷ ከሥራዋ አትውጣ። ጫንበት፣ የኔ ልጅ።»

«እማማ፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ዕቃው ከእንግዲህ አይነሳም። ዱዓ ያድርጉ» አላት።

መዳፎቿን ዘረጋች። አምፖሉ አንዴ ብልጭ ድርግም ሲል ሦስታችንም ቀና ብለን አየነው። ተመለሰ። ሰይድ «አለቀ» ሲል ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ወጣ። የማንም ያልሆነ ድምፅ። ስንመለስ እናቴ ፓፓያ ገዛች፤ ደሴ ጭጋጉ ውስጥ እስክንገባ ሁለታችንም አልነካነውም።

ብዙ ዓመት በዚያው ዕቃ ሠርግ አደመቅኩ። ከማልም መጣ፤ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ሰውነቱ አልቆ፣ ግን እናቴ በሕይወት ሳለች መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ ድምፁ ስነግረው ግራ ገብቶት አየኝ።

«የትኛውን ድምፅ ነው የምትይው፣ ዘሀራ?»

ረስቶታል። አንጎራጎርኩለት፤ እሱም ማዞሪያዎቹን እየነካካ ተከተለኝ። «ይሄ ነው?» «አይደለም።» «ይሄስ?» «ተጠግተሃል።» እስኪመሽ እንዲሁ ስንል ዋልን። በመጨረሻ እናቴ ከመደቡ ላይ «ተዉት እስኪ፣ ይሄም ያምራል» አለች። ሳቅን። እኔ እየሳቅኩ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከማል ዛሬ ኮምቦልቻ ባለትዳር ነው፤ ሙዚቃ ትቷል። እናቴም አልፋለች። እንግዲህ ያን ድምፅ የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። አንዳንድ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ ወይም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ መንቀጥቀጡ ሳይቀር ሙሉውን ይመጣልኛል። ላንጎራጉረው አፌን ስከፍት ግን ይሸሻል። ስለዚህ አሁን ሲመጣ እጄን አቁሜ፣ እስኪሄድ ድረስ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።