ዙፋኑ ያልተመለሰለት አባት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እዚህ ሲያትል፣ ሬይኒየር በሚባለው ጎዳና ላይ መኪና እየነዳች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ "ዳድ፣ ኢንጂነሪንጉን ድሮፕ ላደርገው ነው። ሙዚቃ ነው የምማረው፤ ኦኬ?" አለችኝ። አንድ የቡልጋሪያ ንጉሥ ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ እኔም ነርሲንግ ትቼ ታሪክ ልማር ብዬ አባቴን አስቆጥቼ ነበር። በልጅነቴ ከአክስቴ ጋር ወደ ሲያትል የላኩኝ እሳቸው ናቸው፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ እኔ አስመጣኋቸው። በመጡ በሳምንቱ ቤቱን ማስተዳደር ጀመሩ፤ ሶፋው ሳይቀር ቦታ ለወጠ። "ታሪክ ምን ያበላል?" ብለው ምርቃታቸውን ነፈጉኝ። ያለ አባት ምርቃት እንዲህ ያለ ነገር መጀመር ደግሞ እኛ ቤት አይታሰብም።

አንድ የሚያዝያ ማለዳ፣ እያካፋ፣ ከሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ወደሚሠሩበት መጋዘን ሳደርሳቸው ኩርፊያው ከበደኝና ለክፍል የማቀርበውን ታሪክ አነሣሁ። ሞንጎሎች ምሥራቅ አውሮፓን ካጥለቀለቁ በኋላ አንድ የቡልጋሪያ ንጉሥ አገሩን ለማዳን ልጁን ለሞንጎሉ አለቃ መያዣ አድርጎ እንደሰጠ ነገርኳቸው።

አባቴ ቆሎ መቆርጠማቸውን አቆሙ። "ልጁን?"

"አዎ አባባ። ቆይቶ ራሱም ሸሽቶ ባዕድ አገር ተያዘ። ልጁ ግን ተመልሶ ነገሠ። ሞንጎሎቹ እርስ በርስ ሲባሉ እሱ በብልሃት በጥቁር ባሕር በኩል ያለውን ጠረፍ ያዘ። ኋላም ከዚያው ባዕድ አገር የማረካቸውን መኳንንት ለውጦ አባቱን አስመጣ።"

"ይባረክ፤ ልጅ ማለት ይህ ነው። ዙፋኑንስ መለሰለት?"

አዎ ብል ይቀለኝ ነበር። "አልመለሰለትም። ከተማ ሰጥቶ፣ አክብሮ አስቀመጠው።"

መጋዘኑ ጋ ደረስን። ፓርክ ሳደርግ የቀረውን ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ።

"አባትየው ተቀየመ?"

"መጽሐፉ አይናገርም አባባ።"

"ለክፍልህ ልጆች አልተቀየመም ብለህ ንገራቸው" ብለው ወረዱ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ጎንበስ አሉና "የወደድከውን ትምህርት ያስጨርስህ" አሉኝ።

ያንኑ ተማርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አስተምረዋለሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ "አባትየው አልተቀየመም" እላለሁ። ተማሪዎቼ ማስረጃ ሲጠይቁኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ።

ቅዳሜ ዕለትም ልጄ ፓርክ አድርጋ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ኪሴን ብዳብስ ቆሎ የለም፤ ማስቲካ ሰጠኋት። "ያስጨርስሽ" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እውነቱን ለመናገር ተቀይሜያለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴም ያን ቀን ተቀይመው ነበር ለካ።