አንድ ቅል ጥቁር ገብስ

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስነሳ፣ ጓደኞቼ ላሊበላን ልሳለም የምሄድ መስሏቸው ጸበል አምጣልን አሉኝ። የተላክሁት ግን ለገብስ ጉዳይ ነበር። ከግብርና መሥሪያ ቤታችን ስለ ምርጥ ዘር ለገበሬው የተሠራጨውን ትንሽ መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በላስታ ደጋ በልጉን ተባይ ፈጀው የሚል ወሬ ሲመጣ አለቃዬ «ሂድና ምርጥህን ተመልከተው» አለኝ። በዕድሜዬ አንድ ፍሬ ገብስ ዘርቼ አላውቅም፤ የጻፍኩት ግን ዐሥራ ስድስት ገጽ ነው።

ደሴ አደርኩ። በማግስቱ ወልድያ፣ ከዚያ ጨው በጫነ መኪና ዳገቱን ወደ ኮን።

ማሳው ከሩቅ አረንጓዴ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ያምራል። ሲጠጉት ቅጠሉ ሁሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አንዱን ቅጠል በጥፍራቸው ፈልቅቀው አሳዩኝ፤ ውስጡ ክሽክሽ የሚሉት ቅማል መሳይ ተባይ ይርመሰመሳል። ዛላው መውጫ አጥቶ እንደ ማጭድ ጎብጧል።

«ምርጥ ነው ብለው ሰጡን» አሉ። «እውነትም ምርጥ ነው፣ ጓድ ጌታው። ክሽክሹ መረጠው።»

ሳቅሁ። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም።

የጥንቱ ጥቁር ገብሳቸው እንዲህ አይጠቀለልም ነበር፤ ክሽክሹ ቀምሶ ይተወዋል። ግን አሮጌውን ዘር ሳያስረክብ ምርጡን የወሰደ የለም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ አስረክቧል። አያ ሞላ ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ቅል ደብቄአለሁ። ለመጪው በልግ ዘርቼ አረባዋለሁ። ለእርስዎም እፍኝ እሰጥዎታለሁ፤ ለሚያውቁት ያሳዩልኝ።»

ቤት ስንገባ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ቆሎ አቀረቡልኝ። ከጠዋት አልቀመስኩም ነበር፤ ደጋግሜ ዘገንኩ፣ ጣዕሙንም አመሰገንኩ። ደስ ብሏቸው የቀረውን «ለመንገድ» ብለው ኮት ኪሴ ውስጥ ገለበጡት። አያ ሞላ ቅሉን ከግድግዳው አወረዱ። ነቀነቁት። ድምፅ የለውም።

«የሺ!»

«ምን ላቅርብላቸው ታዲያ? ቤት የቀረው ያ መድኃኒት የተቀባው ምርጥ ዘር ነው፤ እሱ ይበላል? የመንግሥት እንግዳ አፉን ሳያሟሽ ይሂድ?»

አያ ሞላ ባዶውን ቅል ቀስ ብለው መልሰው ሰቀሉት።

«ደግ አደረግሽ» አሏቸው። ወደ እኔም ዞረው፣ «ይብሉ እንጂ። ከተቆላ ወዲያ ምን ይሆናል?»



በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ኪሴን በዚያ በመጽሐፌ ላይ ገልብጬ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። እሳት የሳታቸው የሚመስሉ ሦስት አገኘሁ። እርጥብ ጥጥ ላይ አስተኛኋቸው። አበጡ። በስምንተኛው ቀን ሸተቱ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በዘገባዬ መጨረሻ አስፍሬዋለሁ፦ «ክሽክሹ የተወውን ገብስ የበላሁት እኔ ነኝ።» አለቃዬ ቀልድ መስሎት ሰረዘው።