ከኮምፒውተር ላይ የወደቀው ወንድሜ

«ልጄ፣ ወንድምሽ ወደቀ» አለችኝ እናቴ በስልክ።

ምስር እየለቀምሁ ነበር። ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ምስሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ታናሽ ወንድሜ ከባድ መኪና መንዳት እየተማረ እንደሆነ ስለማውቅ በዓይኔ የመጣብኝ ገደል ብቻ ነው።

«ከምን ላይ?» አልኋት።

«ከኮምፒውተር ላይ።»

«ምን?»

«ከኮምፒውተር ላይ ነዋ! ፈተናው በኮምፒውተር አይደል የሚሰጠው? ምነው ጠፋሽ፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

ስመ ሥላሴን ጠርቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። «እማዬ፣ ለሰው እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ወደቀ ብቻ?»

«ታዲያ አለፈ ልበልሽ?»

እሱማ የባሰ ነው። እሷም ከአፏ ከወጣ በኋላ ገባትና ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ አልቆየም። ወንድሜ መንጃ ፈቃዱን ካላገኘ የከፈልነው ሁሉ በከንቱ ሊቀር ነው፤ ከገንዘቡም በላይ የሚያስፈራኝ የአባቴ ዝምታ ነበር።

የምኖረው ጅቡቲ ነው። የአገራችን ከባድ መኪና ሹፌሮች ጭነት እስኪደርሳቸው ድረስ በሚመገቡበት ቤት ወጥ እሠራለሁ። አገሬ ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዳዊት ያስደገሙ እሳቸው ናቸው፤ እኛንም ከሌሎቹ ተማሪዎች መካከል አስቀምጠው ስላስተማሩን እስከ ዛሬ «አባባ» አንላቸውም፤ «የኔታ» ነው የምንላቸው። ወንድሜ ዲያቆን ነው። መንበራቸውን ይወርሳል ብለው ያሰቡት እሱን ነበር።

እሱ ግን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው ብሎ ተነሣ። የኔታ አልተቆጡም፤ አልከለከሉም። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ብለው ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ። በእኛ ቤት ለገበያ እስከ ጠዳ የሚሄድ ሰው እንኳ በእሳቸው ጸሎት ነው ከደጅ የሚወጣ። ወንድሜ ለሥልጠና ወደ አዘዞ ሲመላለስ ግን «እግዚአብሔር ያቅናልህ» አላሉትም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንደ ሐዘን ነበር ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው።

ወጪው ብዙ ነው። የሥልጠናው ክፍያ አለ፣ የሐኪም ምርመራው አለ፣ ትራንስፖርቱ አለ፤ ሲማር ደግሞ የቀን ሥራውን ትቶ ነው። እኔ ለጥምቀት አገር ቤት ልገባበት ያስቀመጥሁትን ላክሁለት፤ ጥምቀትን በሚቀጥለው ዓመት እናከብራለን፣ እመብርሃን ብትፈቅድ። እናቴ ደግሞ መካነ ብርሃን ዘመዶቿ ጋ የነበረችውን ላሟን አሸጠች።

«የምን መንጃ ፈቃድ ነው አልኸኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ደረቅ።»

«ደረቅ? እንደ ቂጣ?»

«ደረቅ ጭነት፣ እማዬ። እህል፣ ሲሚንቶ…»

«እንግዲህ ላሜን ነዳጅ አድርገህ ስትጨርሳት ምን ጭነት እንደምታመጣልኝ አያለሁ።»

እዚህም ቢሆን ከቀልድ አልዳንሁም። ከደንበኞቼ አንዱ የደባርቅ ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። ነገሩን ሲሰማ «አባትሽ መሪጌታ፣ ወንድምሽ መሪ ያዥ! ሁላችሁም መሪ ከሆናችሁ ተመሪው ማን ሊሆን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኛ። ብላ አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ይህ ሰው ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም። ሙቀቱ እንዲህ በሚያነድበት አገር ተቀምጦ ሰዓት ይጠብቃል። ስለ ሹፌር የሚወራውን ክፉ ነገር ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትም አለ፣ አልዋሽም። ግን ይህንንም አይቻለሁ።

ያን ዕለት ማታውኑ ለወንድሜ ደወልሁለት።

«እንዴት ሆነህ ነው? አላጠናህም?»

«እታለም፣ የጥያቄውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ውሸቱን አልነበረም። ቁስቋም ከፈረሰው ግንብ ሥር እየተመላለሰ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም አድርጎ፣ ጥያቄውን ከነመልሱ በተራ አውጥቶታል። ሌላ አጠናን አያውቅም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሁሉ እንዲያ ነው።

«ታዲያ ምን ሆንህ?»

«አዘበራረቁታ! የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍሬን መጣ። የእኔ ፍሬን ያለው መካከል ላይ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ከመነሻው መጀመር አለብኝ። የመንገድ ምልክቱን አልሁ፣ መብራቱን አልሁ፣ ጎማውን አልሁ፣ ፍሬኑ ጋ ስደርስ ሌላ ጥያቄ፤ እንደገና ከመነሻው። እንዲህ ስል ሰዓቱ አለቀ።»

ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስሁ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። የፈተናው አስተባባሪም ሲያየኝ "አንተ ሰውዬ፣ ከንፈርህን የምታንቀሳቅሰው ትጸልያለህ ወይስ ትኮርጃለህ?" አለኝ።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እታለም፣ የኔታ ስላልመረቁኝ ነው። ድጋሚ አልፈተንም። ይቅርብኝ።»

በማግስቱ ለየኔታ ደወልሁ። ልለምናቸው ነበር፤ ስለዚያ የሚጾም የደባርቅ ሹፌርም ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን ስለ አወዳደቁ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«ቆይ። በቃሉ ይዟል አላልሽም?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ከመካከል ሲጠየቅ ጠፋው?»

«ጠፋው።»

«የማን ተማሪ ነው እየተባለ ነው እዚያ?»

«የማን ይባላል፣ የእርስዎ ነዋ።»

«ለፊደል ልጅ እንኳ ከሀ እስከ ፐ በተራ ብሎ ሲጨርስ ጨረሰ አይባልም። በስንጥር ከዚህም ከዚያም ይነካበታል፤ ያን ጊዜ ነው ማወቁ የሚለይ። ይህን ረሳው?» ተቆጥተው ነበር፤ ግን የመምህር ቁጣ ነው፣ የማውቀው ቁጣ። «መጽሐፉ የት ነው ያለ?»

የቀረውን በእናቴ አፍ ነው የምነግራችሁ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወንድሜን እንደ ድሮው ፊታቸው አቆሙት። መጽሐፉን ዓይናቸውን ጨፍነው ይገልጡና ጣታቸው ያረፈበትን ይጠይቁታል። ከመነሻው ሊጀምር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ «ተው!» ይሉታል። ዳዊት ሊደግሙ የመጡት ተማሪዎች ሳይቀሩ ተራቸውን እየጠበቁ የመንገድ ሥርዓት ተማሩ።

«አደባባይ ስትደርስ ቅድሚያ ለማን ነው?»

«ቀድሞ ለገባው።»

«ይህስ ሸጋ ሕግ ነው። ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ?»

«በከባድ ማርሽ።»

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጉት አለች እናቴ። በተማሪነታቸው ሊማሊሞን በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጠው መውረዳቸውን ያን ቀን ነው ያወጡት፤ እሷም ብትሆን ሰምታው አታውቅም። «እኔ በየጠመዝማዛው እጸልያለሁ፣ ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሙሉ ይዘፍናል። እስከ ዛሬ የመኪና ጥሩንባ ስሰማ ያ ዘፈን ነው የሚመጣብኝ» አሉ።

«እኔ አልዘፍንም፣ የኔታ።»

«ምን ታደርጋለህ?»

«ማርሽ እቀይራለሁ።»

የኔታ ሳቁ፤ እናቴም ከጓዳ ወጥታ አብራ ሳቀች። ምርቃት ግን አልወጣቸውም። «ነገም በዚህ ሰዓት» ብቻ ነው ያሉት።

ወንድሜ በሁለተኛው አለፈ። በኮምፒውተሩ አለፈ፣ በተግባሩም ዳገት ላይ አቁሞ ሳይንሸራተት ተነሣ። እነሆ በቅርቡ ረዳት ሹፌር ሆኖ የመጀመሪያ መንገዱን ሊወጣ ነው። መንገዱ በዚህ ዘመን እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ነው አሁንም አንድ ነገር የሚከነክነው። «መንጃ ፈቃዱን አገኘሁ፣ ምርቃቱን አላገኘሁም» ይለኛል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ሰምቻለሁ። የተግባር ፈተናው ቀን የኔታ ሳይነግሩን ወደ አዘዞ ሄደው ነበር። ያደረሳቸው የባጃጅ ልጅ ለእናቴ እንደነገራት፣ ወንድሜ አልፎ ወረቀቱን ሊፈርም ቢሮ ሲገባ፣ የኔታ መቋሚያቸውን ለአሠልጣኙ አስይዘው፣ ሰው ደግፏቸው ያ ትልቅ መኪና ጋቢና ውስጥ ወጡ። ወንድሜ ይዞት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ ቆይተው የሆነ ነገር ተናገሩ። የባጃጁ ልጅ በር ላይ ስለነበር ቃሉን አልሰማውም። እሳቸውን ስጠይቃቸው «ደክሞኝ ነው የተቀመጥሁ፣ እግሬን ያመኝ የለ?» ብለው ወሬ ለወጡብኝ።

እንግዲህ በዚያ ቀን አዘዞ ማሠልጠኛው ግቢ የነበራችሁ፣ እሳቸውን ደግፋችሁ ያወጣችሁ፣ መቋሚያቸውን የያዛችሁ ወንድሞቼ፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ፦ አባቴ መሪውን ይዘው ምን አሉ? በግእዝም ከሆነ እንደ ሰማችሁት ንገሩኝ፤ ግማሹን ብቻ ሰምታችሁም ከሆነ ግማሹ ይበቃኛል። ልጁ መንገድ ከመውጣቱ በፊት እንዲሰማው ነው።