ባትሪዬና የግድቡ ዘበኛ

«ሽቦውን ንቀል ብዬሃለሁ!» ይላል የግድቡ ዘበኛ ከዳር ሆኖ። እኔ ቆቃ ሐይቅ ላይ፣ ጠባብ ታንኳ ውስጥ፣ የመኪና ባትሪ በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ከነቀልኩት ዓሦቹ ይሞታሉ፣ ጓድ!»

እውነቴን እኮ ነው። ለአምባዛ ማጥመጃ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች ከነነፍሳቸው በባልዲ ይዣለሁ። ከመኪና መስታወት ማጠቢያ የፈታኋት ሞተር በባትሪው እየዞረች ውሃቸውን ታናፍስላቸዋለች። ከዚያው ባትሪ ሌላ ሽቦ ስቤ ደግሞ ዓሣ ያለበትን የሚጠቁም ሳጥን አብርቻለሁ፤ ናዝሬት እኔ የምሠራበት ጋራዥ አንድ ፈረንጅ ተበላሸብኝ ብሎ ጥሎት ሄዶ እኔ የጠገንኩት ነው። በደርግ ጊዜ ግድብ አጠገብ ባትሪና ሽቦ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል የነበረ ያውቀዋል።

ቀዝፌ ዳር ደረስኩ። ዘበኛው ሳጥኑን አገላብጦ አየው።

«ሬዲዮ ነው! ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከዓሣ ጋር» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ጥፊውን ስጠብቅ ሰውዬው ታንኳዋ ላይ ወጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። «በል አሳየኝ!»

ትንሽ እንደቀዘፍን የሳጥኑ መብራት ብልጭ አለ። «ይኸው፣ ከታች የሆነ ነገር አለ» አልኩት።

ዳር ዳሩን ቃኘና ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ጠመንጃዬ ትናንት እዚሁ ውሃው ውስጥ ወድቃብኛለች። ነገ የመሣሪያ ቁጥጥር አለ፤ ዓሣውን ተወውና እሷን ፈልግልኝ።»